የታቢታ ኋላ ማርሽ

ባለቤቴ ታቢታ የምትፈራው ነገር ጥቂት ነው። በዝናብ ትነዳለች፣ በጭጋግ ትነዳለች፤ ትራፊክ ሲያስቆማት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ቀድማ ሰላም የምትለው እሷ ነች። ለዓመታት አይሱዙ ይዛ ሲሚንቶውንም ድንቹንም አቮካዶውንም ስታመላልስ ኖራለች። እኔ ደግሞ ልጆች ሒሳብ የማስተምር፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ የፊቱን ብረት ጨብጬ የምቀመጥ ሰው ነኝ። በቤታችን ፈሪው ማን እንደሆነ ተከራክረን አናውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ታቢታ ፈራች፤ ምግብ እስኪያስጠላት ድረስ ፈራች።

ነገሩን ያመጡት ጋሽ ሙሐመድ ናቸው። የአይሱዙዋ ባለንብረት እሳቸው ነበሩ። አይሱዙዋን ሸጠው ባለ ተሳቢ መኪና ገዙና ታቢታን አስጠርተው፣ ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ካወጣች መሪው የእሷ እንደሆነ፣ ካላወጣች ግን እያዘኑም ቢሆን ሌላ ሾፌር እንደሚፈልጉ ነገሯት። ያለዚያ ፈቃድ ተሳቢ መጎተት አይቻልም። መኪናው ደግሞ ከሀዋሳ ጭኖ ጅቡቲ የሚመላለስ ነው። ጅቡቲ የሚለውን ስትሰማ የታቢታ ፊት በራ። እኔ መንገዱን አሰብኩ። ያን ያህል መንገድ፣ ያን ያህል ብረት ከኋላዋ እየተጎተተ! ለእሷ ግን በርቺ አልኳት።

ወደ ፊት መንዳቱ አላስቸገራትም። ጉዱ ያለው ኋላ ማርሹ ላይ ነው። በፈተናው ቀን ተሳቢውን በግራና በቀኝ በተተከሉ ዘንጎች መካከል፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ ወደ ኋላ ማስገባት ግድ ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ይሆናል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ጭራው ወደ ግራ ይሸሻል።

ይህም ቢሆን ይለመዳል። የታቢታ ችግር ሌላ ነበር። የጭነት መኪና ወደ ኋላ የሚገባው በረዳት ድምፅ ነው። የእሷ ረዳት ክብሩ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ጉሮሮው ከጥሩምባ የማይተናነስ ሰው ነው። ከጋቢና ወርዶ ከኋላ ይቆምና፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ግራ ስበሪ፣ መልሺ፣ ነይ ይላል፤ ሲበቃ ቦዲውን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ታቢታም ትቆማለች። መናኸሪያ አካባቢ ባሉት ጠባብ መጋዘኖች ውስጥ ሁለቱ ያቺን መኪና እንደ መሳቢያ ሲከቷት አይቼ ተደንቄያለሁ። ያልገባኝ፣ እሷም ያልገባት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጎን መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ማየት ትታ እንደነበር ነው።

አሰልጣኟ ጋሽ ገብረየስ ይህን ያወቁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ዕድሜያቸውን ተሳቢ ሲጎትቱ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸውን አሟቸው ማሰልጠን የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ዳር ቆሜ አይ ነበር። ታቢታ ኋላ ማርሽ አስገባች፤ ጋሽ ገብረየስ እጃቸውን አጣምረው ዝም አሉ። ተሳቢው መጀመሪያ ትንሽ ዘመመ፣ ከዚያ ይበልጥ ዘመመ፣ ከዚያ እንደ ክርን ታጠፈና ጥጉ ጋቢናውን ሊበሳው ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌው በከዘራቸው በሩን ደበደቡ። ሞተሩ ጠፋ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ስፖኪዮው ላይ ምን እንዳየች ጠየቋት።

"ምንም አላየሁም፤ እየሰማሁ ነበር" አለቻቸው።

"ማንን?"

ጋሽ ገብረየስ በፈተና ላይ ረዳት እንደሌለ፣ ከአጥር ውጭ ሰው ጮሆ ቢያስቆማት ወይም ቢመራት እንኳ ፈተናው እንደሚሰረዝ ረጋ ብለው አስረዷት። ታቢታ አንገቷን ነቀነቀች። ከመኪናው ስትወርድ ግን በሩን ይዛ ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። ራት ላይ የክብሪት ቀፎና ሳሙና በክር አስራ ገበታው ላይ ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ሳህኖቹ ዘንጎች ናቸው። ሳሙናው የወጡን ሳህን በነካ ቁጥር ፊቷ ይለወጣል፤ እኔም እንጀራዬን እንደያዝኩ እጠብቃለሁ። ይባስ ብላ ነገሩን በቤተ ክርስቲያናችን የቤት ለቤት ኅብረት ላይ የጸሎት ርዕስ አድርጋ አቀረበችው። የጸሎት ርዕስ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። በሳምንቱ የሰፈራችን የአዲስ ከተማ ሰው ሁሉ፣ ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር፣ እየጸለይንልሽ ነው፣ መቼ ነው ፈተናው፣ ይላታል። እሷም ታመሰግናለች፤ ቤት ስትገባ ግን፣ ብወድቅ በየት በኩል ገበያ እወጣለሁ ብላ ትጨነቃለች።

አንድ ቀን ልብስ እያጠፍን ሳለ፣ የሚያስፈራት ዝምታው እንደሆነ ነገረችኝ። ክብሩ ከኋላ ሲጮህ አንድ ሰው እያየላት እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ሲል ግን ያ ሁሉ ብረት የእሷ ብቻ ይሆናል፤ ከኋላው ልጅ ቢኖርስ፣ ሽማግሌ ቢኖርስ? እስከዚያ ቀን የምታጽናናኝ እሷ ነበረች፤ ልብሱን ማጠፍ ቀጠልኩ።

ልምምዱ ቀጠለ። አንድ ቀን ተሳቢው ይገባላታል፣ በማግስቱ ዘንግ ትጥላለች። ጋሽ ገብረየስ ቀስ በይ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው እኔንና ክብሩን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ማናችንም እዚያ ድርሽ እንዳንል ቃል አስገባችን። ሁለታችንም ማልን። በፈተናው ጠዋት አጥሩ ጋ ስደርስ ክብሩ ቀድሞኝ ቆሟል። አንዳችን ሌላውን ለመውቀስ ፊት አልነበረንም።

የታቢታ ተራ ደረሰ። አንድ ቀጭን ፈታኝ እጁን አነሳ፣ መኪናው ወደ ፊት ሄደ፣ ዞረ፣ ቆመ። ከዚያ ኋላ ማርሽ። ተሳቢው ቀስ እያለ ወደ ዘንጎቹ መጣ። ክብሩ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ያ ጉሮሮ ታፍኖ ሳየው አሳዘነኝ። የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ዘመመ። ወደ ግራው ዘንግ ተጠጋ። አሁንም ተጠጋ። እኔ እንደሆነ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ ግን በቃ፣ ነካው፣ አለቀላት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ሰው በኃይል ሲጮህ ሰማሁ።

"ታቢታ፣ ቁሚ!"

የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

መኪናው አልቆመም። አልፈጠነምም፤ በያዘው ፍጥነት ዘንጉን ታኮ አለፈ፣ ተቃና፣ ገባ። ፈታኙ ወደ አጥሩ መጥቶ ማን እንደሆነ ጠየቀ። እንደ ተማሪዎቼ እጄን አወጣሁ። በጥሪዬ ቆማ ቢሆን ኖሮ ፈተናውን ይሰርዘው እንደነበር ነገረኝ።

"አልሰማችህም፤ አምላክህን አመስግን" ብሎኝ ተመለሰ።

አለፈች። ክብሩ አቅፏት አለቀሰ። እኔ አጥሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ወደ ቤት የተመለስነው በባጃጅ ነው፤ እኔና እሷ ብቻ። መንገዱን ካጋመስን በኋላ፣ ድምፄን ሰምታው እንደነበር ነገረችኝ። በዘንጉና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍተት በስፖኪዮዋ ይታያት ነበር፤ እኔ ከቆምኩበት አይታይም።

"ልመታው መስሎህ ነው የጮህከው? ወይስ እንድቆም ፈልገህ?" አለችኝ።

መስሎኝ ነው ልላት ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ጅቡቲን እንደፈራሁ ነገርኳት፤ በረሃውን፣ ቁልቁለቱን፣ ስልኳ አልሠራ ብሎ የማድረውን ሌሊት። ብትወድቅ እዚሁ ትቀርልኛለች ብዬ አስቤ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ እንድታልፍ ሲጸልይ እኔ አሜን ማለት ያቅተኝ እንደነበር ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እጄን ያዘችኝ።

"እኔም እፈራለሁ፣ ያቤጽ" አለችኝ። "መንገድ ላይ ስፈራ የምደውለው ላንተ ነው። ዛሬ አልቆምኩልህም። ያን ጊዜ ቁሚ ካልከኝ ግን እቆማለሁ። ስለዚህ እንዳትለኝ።"

እሺ አልኳት። መኪናው ሰኞ ለጅቡቲ እንደሚጫን ጋሽ ሙሐመድ ደውለው የነገሯት ገና ከባጃጁ ሳንወርድ ነው።