መምህሬ ስክሪኑን ያዞሩበት ቀን

ይህ ከገጠመኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጎንደር ውስጥ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ሳለ ነው። የሕክምና ሥራ መደንገጥን ያስለምዳል። እንደዚያን ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም።

ባለቤቴ መልካሙ ሳንጃ ከተማ የግብርና ባለሙያ ነው። ቅዳሜ ከመጣ እሑድ ይመለሳል። እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ስንጋባ ተስማምተን ነበር፦ መጀመሪያ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፣ ሥራ እይዛለሁ፣ ከዚያ እንወልዳለን። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ እወጋ ነበር። እናቱ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ዝም አላችሁ?» ይሉኛል። እኔም «ትምህርቱ ይለቅ እንጂ፣ እማዬ» እላለሁ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። መምህራችን ዶክተር ሰብለ አልትራሳውንድ ሊያሳዩን ሰበሰቡን። ሲበዛ ቁጡ ናቸው፤ ያረፈደን ሰው ከበር ይመልሳሉ። ሐሞት ከረጢት በደንብ የሚታየው ምግብ ያልቀመሰ ሰው ላይ ስለሆነ «ጾመኛ ማነው?» አሉ። እጄን አወጣሁ።

አልጋው ላይ ተኛሁ። መሣሪያውን የያዘው የክፍል ጓደኛዬ ቢኒያም ነው። ጉበቴን አሳየ፣ ሐሞት ከረጢቴን አገኘ፣ ኩላሊቴን አሳየ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አብሬያቸው እስቃለሁ። ከዚያ «ፊኛዋንም እንይ» አለና ወደ ታች ወረደ።

እጁ ቀጥ አለ። ስክሪኑን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ...» አለ።

ዶክተር ሰብለ ብድግ ብለው መጡ። አንዴ አዩና ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «መሣሪያው አስቸግሯል። ለዛሬ ይበቃል፣ ውጡ!» አሉ። ቢኒያምን ክንዱን ይዘው «አንተ ምንም አላየህም» ሲሉት ሰማሁ።

መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ካንሰር ነው። ሐኪም ከበሽተኛ ፊት ሰው የሚያስወጣው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። 

«ዕጢ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። ላሳይሽ ወይስ ልተወው? እንደፈለግሽ።» እንደዚያ ለስልሰው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ያሳዩኝ።»

ስክሪኑን መለሱት። ትንሽ እጅ ስትንቀሳቀስ አየሁ።

«አራት ወር አልፎታል» አሉ።

«መርፌ እወጋለሁ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንዴም አላዘገየሽውም?»

 ሥራ ሲደራረብብኝ አንዴ አዘግይቼው ነበር። የወር አበባዬ መቅረቱን በመርፌው፣ ድካሜን በተረኝነት፣ ማቅለሽለሼን በጾሙ አሳብቤያለሁ። ቀን ሙሉ የሰው ሆድ ስዳስስ የምውል ሰው! እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ከማሰቤ በፊት ያሰብኩት የዓመቱን ፈተና ነው። ስቆጥረው ከመውለጃዬ ጋር ገጠመ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ዶክተር ሰብለ ወጥተው ዳቦና ሻይ ይዘው ተመለሱ። «ብዪ። ጾሙ እዚህ ላይ ይበቃሻል» አሉና በልቼ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።

ከዚያ ለመልካሙ ደውዬ ነገርኩት። እልል የሚል መስሎኝ ነበር።  

እሱ ግን «ትምህርትሽስ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«በቃ መኪና ልፈልግ፤ መጣሁ።» ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ፈተናው አመለጠኝና አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረሁ። ቢኒያም ተመርቆ ሄደ፤ እኔ ገና እየተማርኩ ነው። በምርቃቱ ዕለት ከልቤ አጨበጨብኩለት፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ። ልጄ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ጫማዬን ለማውለቅ ትታገል ነበር።

ያን ሁሉ ወር አብራኝ ተረኛ አድራለች፣ አብራኝ ጾማለች፤ እኔ መኖሯን አላወቅኩም።