አቶ አህመድ የመለሱት ማር

ጭሮ ከተማ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የክትባት ክፍሉ ኃላፊ አቶ አህመድ ከፍሪዘር አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ አይስ ፓክ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ላብ እስኪያወጣ ጠብቂ። ስትነቀንቂው ውስጡ ውኃ ካልተንቦጫቦጨ ክትባት አጠገብ እንዳታደርሺው። በረዶ የሆነ ክትባት አበቃለት» አሉኝ። ገባኝ አልኩ። ከጎጃም የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ሁሉ ነገር ቶሎ ይገባኛል ባይ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በገበያ ቀን ከአቶ አህመድ ጋር ቦኬ ልንከትብ ተመደብን። ሹፌሩ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ተጣደፍኩና አይስ ፓኮቹን ከፍሪዘር በቀጥታ የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው።

ቦኬ ደርሰን ሳጥኑን ስከፍት ክትባቱ በረዶ ሆኗል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። አሟሙቼ ዝም ልበል ብዬም ለአፍታ አስቤያለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከሥራ መባረሬ ነው እያልኩ ለአቶ አህመድ ነገርኳቸው።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። አልጮኹም። እናቶቹ ፊት ቆመው በኦሮምኛ «ዲፋማ» ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ክትባቱን ያበላሸነው እኛ ነን አሏቸው። ከፊት የቆመች እናት ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ እንደመጣች ነገረቻቸው።

«እውነትሽን ነው። አሁን ደግሞ እኛ እንመጣልሻለን» አሏት። በማግስቱ ሌላ ክትባት ይዘን ቀበሌዋ ድረስ ሄድን።

ሪፖርቱን ሳይደባብቁ ጻፉት፤ ስሜም ጥፋቴም አለበት። መጨረሻው ላይ ግን «ስትጭን አጠገቧ ቆሜ ማየት ነበረብኝ። በሥራዋ ትቀጥል» የሚል ጨመሩ። አንብቤው አለቀስኩ።

ቋሚ ስሆን ከገለምሶ ማር ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለዋሉልኝ ውለታ ነው፣ አቶ አህመድ።»

«እንዴ! ይህን ከተቀበልኩሽ ትቀጥል ያልኩትን ሸጥኩልሽ ማለት እኮ ነው። ግቢ፣ ምሳ ብዪ። ስትሄጂ ማርሽን እንዳትረሺ።»

እውነትም ስወጣ በሩ ላይ እየሳቁ አስያዙኝ። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሳቸውም በሕይወት የሉም። አንዳንዴ ሲናፍቁኝ ያንን የበር ላይ ሳቃቸውን አስታውሳለሁ። ኃላፊ ሆኜ ሳለሁ መሰላ ወረዳ ላይ አንዲት ነርስ ያንኑ የእኔን ስህተት ሠራች። ጥፋቷን ጻፍኩ፤ ትቀጥል ብዬም ፈረምኩ። በሳምንቱ ዶሮ ታቅፋ ቢሮዬ ከች አለች። ምሳ ጋበዝኳትና ከነዶሮዋ ሸኘኋት።

ምሕረት የሚያደርግ አለቃ ጥፋቱን ከሪፖርት አያወጣም፤ እጅ መንሻም አይቀበልም።