ሎርና ለራሷ ያልሞላችው ቅጽ

ፖርት አልበርኒ በምትባል ከተማ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች መጋዝ ከቆረጠባት ወዲህ፣ ሎርና ሃልቨርሰን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ የተጎዱ ሠራተኞችን ወደ ሥራ መመለስ ነው። ዘንድሮ ግን አለቆቿ “የሙያ ፈተናውን አልፈሽ ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ በቦታሽ አትቀጥዪም” አሏት።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ እጇ ደርቆ እምቢ አላት። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ቁልፎቹን እንደ ፈንዲሻ ያንጣጣቸዋል። ፈታኟን ጠራቻት።

“ትንሽ ሰዓት ብትጨምሪልኝ? እጄን እያየሽው ነው።”

“አያለሁ፣ የኔ እመቤት። ግን ከሠላሳ ቀን በፊት የእርዳታ ቅጽ ሞልተሽ በሐኪም ማስረጃ ማመልከት ነበረብሽ።”

ደንቡ ጠፍቷት አይደለም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። እንደ ማንም ሰው ልፈተን ብላ ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ አራት ጥያቄ ባዶ ቀረ። ውጭ ዱዌን መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል። አምና የወገቡን ሕመም ደብቆ ሊሠራ ሲል “ምን ያኮራሃል? አፍ አውጥተህ ጠይቅ እንጂ!” ብላ ጮኻበት፣ የእርዳታ ቅጽ በግድ ያስሞላችው ሠራተኛ ነው።

“እንዴት ሆነልሽ?”

“አልጨረስኩም። እጄ ነው።”

ዱዌን ዞር ብሎ አያት። “ያን ቅጽ ለራስሽ ሞልተሽ ነበር አይደል?”

ሎርና የመቀመጫውን ቀበቶ በሁለት ጣቷ ይዛ ለማሰር ታገለች፤ አሁንም አመለጣት። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ቀበቶውን ወደ ራሷ መነጨቀችው።

“ተወኝ! ራሴ እችላለሁ!”