«ሌላ ሰው እንዳይጨምሩ»

ሰሞኑን አንዲት ዘመዴ ከመቱ በመጣ ሰው እጅ ጭኮ ላከችልኝ። ክዳኑን ስከፍተው የተቆላው ገብስና የቅመም ቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሳልቀምሰው እንባዬ ቀደመኝ። ሠራተኛዬ ደንግጣ «ምን ሆኑ እትዬ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ መቱ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሰው የሚወድ፣ ሰውም የሚወደው፣ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ እናቴን «እስቲ በጥር አንድ ሌሊት ወጣ ብለን እንደር» አላት። ከሁሩሙ አልፎ ወደ ያዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ የተሠራች፣ ማን እንደሠራት የማይታወቅ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለች ይባል ነበር። ቅዳሜ ማልደን እንነሳለን፣ ሁሩሙ ላይ ምሳ እንበላለን፣ ፀሐይ ሲበርድ እንደርሳለን። እዚያ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆ ውስጥ አድረን፣ እሑድ አስቀድሰን፣ ቀስ እያልን መመለስ ነው። ጥድፊያ የለ፣ ምን የለ።

እናቴ ከተዳረች ጀምሮ ከቤቷ ውጪ አድራ አታውቅም ነበር። ቤታችን ደግሞ እንግዳ አይለየውም፤ ከቡሬ ለክስ የመጣ ሁሉ እኛው ዘንድ ነበር የሚያርፈው። «እሰይ! አንድ ቀን እንኳ ማንንም ሳላስተናግድ ልደር፤ ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ ወፍ ልስማ» አለች። ባሏን አንቱ እያለች ነበር የምታናግረው። ጣቷን ቀስራ «ሦስታችን ብቻ ነን። ሌላ ሰው እንዳይጨምሩ፣ አደራ!» አለችው።

«ማንን እጨምራለሁ ደሞ!» ብሎ ማለላት።

ግን እኛ አገር «ልሳለም ልሄድ ነው» ብለህ «አብረን እንሂድ» ካላልክ ነውር ነው። አባቴ ለአለቃው ነገረና ለወጉ ያህል ጋበዛቸው። እሳቸውም ለወጉ ያህል «ምን ይከፋል» አሉ፤ ባለቤታቸውንም ጨመሩ። አለመጋበዝ ነውር፣ እምቢ ማለትም ነውር! ሙስሊሙን ባለሱቅ ሳይቀር ጋበዘው። ባለሱቁ ከት ብሎ ስቆ «ጋሼ፣ እኔ እዚያ ምን ልሠራ? ባይሆን በቅሎዬ ትሂድልዎ» ብሎ በቅሎውን አዋሰን። ከሁሉም ልብ ያለው እሱ ነበር።

እራት ላይ በየማታው አዲስ ስም ይሰማል። እናቴ «ይሁና» ትላለች። ለሦስት ሰው የታሰበው አንድ ቅል ጭኮ አራት ቅል ሆነ። አንዱ ድፎ ዳቦም አምስት ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ከማድቤቱ አልወጣችም፤ ጭስ ዓይኗን አቅልቶት፣ እጇ እስከ ክርኗ ቅቤ ሆኖ ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ሰው በበዛ ቁጥር ሠርግ እየመሰለኝ እፈነድቅ ነበር። ልጅነት ክፉ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። የራሳችን ሁለት በቅሎዎች ለአለቃውና ለባለቤታቸው ሆኑ። በባለሱቁ በቅሎ እናቴ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ ተፈናጠጥኩ። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንዲያ አምሮባት አይቻት አላውቅም። ልንነሳ ስንል ጎረቤታችን አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ደረስኩ፣ ደረስኩ! ባለፈው እሑድ ጠርተኸኝ የለ?» አሉት አባቴን። አባቴ መሬት መሬት አየ።

እናቴ ከበቅሎው ወርዳ ለአሮጊቷ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። ጉልበቷን ስለሚያማት ያንን መንገድ በእግሯ አትችለውም። «እኔማ ቤቱን ማን ይጠብቅልኛል እያልኩ ነበር» አለች እየሳቀች። አባቴ ጠጋ ብሎ «ሌላ ጊዜ፣ ሁለታችን ብቻ» አላት። እውነት አስቦ ነበር፤ ግን ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር እናቴ እስክትሞት አልመጣም።

አየህ፣ እኔ ጤነኛ እግር ነበረኝ። ወርጄ በእግሬ ብሄድ እናቴ ከአሮጊቷ ጋር ትፈናጠጥ ነበር። «እኔ ልውረድ» ማለት ብቻ ነበር። አላልኩም። የአሮጊቷን ወገብ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

ቦታው እንዴት ያምር ነበር! ከጣሪያው ድንጋይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ግድግዳው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ሁሉም የእናቴን ዳቦ እየበላ «እጇ ይባረክ» አለ። እኔም ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ ወፍ ሰማሁ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ተመለስን። እናቴ ቤቱን ጠርጋ፣ እሷም ታጥባ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን አስቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ሳልገባ እጄን ይዛ ሳበችኝ። «ነይ ቁጭ በይ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። «አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ። ከመነሻው ጀምሪልኝ።»

«ደክሞኛል እማዬ» አልኳት። «የሚበላ አለ?»

«አለ እንጂ» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።