አብራሪ ያልኩት ልጄ

ባለፈው ጁምዓ ነው... የልጄን የጀማልን አርባ ሰደቃ አድርገን፣ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ፣ ግቢዬ ውስጥ ዳስ ጥለን ተቀምጠናል። ዱዓው አልቆ ሰው ምሳውን እየበላ ነው።

ከአዲስ አበባ ሚስቱ ዘይነብ ሁለቱን ሴት ልጆች ይዛ መጥታለች። አብሯት ደግሞ አንድ ካፒቴን መጣ። አውሮፕላን የሚያበር፣ ከልጄ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ያን የተቦረቦረ መንገድ በሚኒባስ ሲንገጫገጭ ውሎ ነው የደረሰው።

ጎረቤቴ ሼህ እንድሪስ ካፒቴኑን አጠገባቸው አስቀምጠው ያበሉት ነበር። መሀል ላይ ጠየቁት።

«ከኛ ጀማል ጋር አብራችሁ ነበር የምታበሩት?»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ጀማል አብራሪ አልነበረም። የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። አብራሪ ያልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ሲጠራ፣ እሱ በሌለበት ወረቀቱ እቤት መጣ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም። «አውሮፕላን» የምትለዋን ቃል ለቀምኩና የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። በዚያው ቀን ገበያ ወጥቼ ልጄ አብራሪ ሊሆን ነው አልኩ። በግ አርጄም ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ።

ኋላ ጀማል ደውሎ፣ የሚማረው ሞተሩን መመርመር፣ መፍታትና መግጠም እንደሆነ አስረዳኝ። እኔ የታየኝ ግን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጋራዥ ነው... መኪና ሥር ተጋድሞ ዘይት የሚንጠባጠብበት ሰው። በግ ያረድኩበትን ወሬ መልሼ ልዋጠው? አልዋጥኩትም። «አባ፣ እውነቱን ንገርልኝ» እያለ ስንቴ ለመነኝ። አንዴ ብያለሁ አልኩት፣ በቃ።

ካፒቴኑ ወደኔ አየት አደረገ። ምን እንዳነበበብኝ እንጃ። ጨዋ ልጅ ነው፣ «አዎ፣ አብረን ነበርን» ብሎ አቀረቀረ። እፎይ አልኩ።

ዘይነብ ግን የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች።

ተከትያት ጓሮ ሄድኩ። ልቆጣት ነበር። እውነት ለመናገር በዚህች ልጅ ላይ ቂም ይዤ ነው የኖርኩት። ጀማል እናቱ ስትታመም ፈቃድ ወስዶ መጥቶ፣ አጥሚቱን እያፈላ፣ እግሯን እያጠበ ሁለት ወር የከረመ ልጅ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ብቻዬን ቀርቼ ሳለ፣ ሁለት ዓረፋ በተከታታይ ሳይመጣ ቀረ። ሚስቱ ይዛብኝ ነው አልኩ። የሴት ልጆቹን ፀጉር የሚጎነጉነው እሱ እንደሆነ ሰምቼ ስለነበር፣ ሚስቱን የሚፈራ ሆኗል ብዬ ለሰውም አውርቻለሁ።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ቆማ ነው የጠበቀችኝ።

«አባባ፣ ሁለቱን ዓረፋ ለምን እንደቀረ ያውቃሉ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«እዚህ በመጣ ቁጥር ሰው ስለ በረራው ይጠይቀዋል። ‹አዎ ካልኩ እኔ ዋሸሁ፣ አይደለሁም ካልኩ አባቴን ውሸታም አደረግሁት› ይል ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሻንጣው ከተዘጋጀ በኋላ ነው የተወው።»

ሌላም ነገረችኝ። ውጭ አገር ትልቅ ሥራ ተገኝቶለት፣ ልጆቼን ትቼ የትም አልሄድም ብሎ መልሷል። ይህንንም አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከቤተሰቡ መለየት የማይችል ሰው፣ ከርስዎ ተለየ» አለችኝ።

የጓሮውን አጥር ይዤ ቆምኩ። ግትር ነኝ፣ ሟች ባለቤቴም ትለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ዳሱ ተመለስኩ።

«ስሙኝማ» አልኩ። «ጀማል አብራሪ አልነበረም። መሐንዲስ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የተናገረው ካፒቴኑ ነው። ጀማል መርምሮ ካልፈረመ እሱ ከመሬት ንቅንቅ ማለት እንደማይችል፣ ፊርማውን ካየ ደግሞ ሌላ ነገር እንደማይጠይቅ ተናገረ። እኔ ለሰው ለመንገር ያፈርኩበት ሥራ ይሄ ነው እንግዲህ...

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ታጠቡና ወደኔ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ይህን እኮ እናውቃለን» አሉ።

ከየት አወቃችሁ አልኩ።

«በዚያ ረመዳን ወፍጮው ቆሞብን አልነበር? ጀማል ከሱብሂ ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ፈታትቶ አስነሳልን። አንተ ልጅ፣ አብራሪ ነህ ወይስ ወፍጮ ሠሪ ብለን ቀለድንበት። አንገቱን ደፋ። ያኔ ገባን።»

«ታዲያ ስለ በረራው ለምን ትጠይቁት ነበር?»

«አንተ ሰምተህ ደስ እንዲልህ ነዋ» አሉ።

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አቀርቅሯል። ለካ በኔ ወሬ የተታለለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ልጄ ብቻ ነው ሰው አምኗል ብሎ የተሳቀቀው።

ዘይነብን እዚያው ሰው ፊት አፉ በይኝ አልኳት። አፉ ብላኛለች። ጀማልን ግን የት አግኝቼ?

አገሩ ሁሉ ፊቴ እንዳይጠቁር ሲጠነቀቅልኝ፣ እኔ የልጄን ፊት ሳላይ ቀረሁ...