ለስልክ ብቻ የተነገረ

ሀብተሥላሴ ከአስኮ መርካቶ ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ዓመት አልፎታል። መንገድ ላይ ምላሱ ስለት ነው፤ ወያላውንም፣ ትራፊኩንም፣ መንገድ ዘግቶ ድንጋይ የሚያራግፈውን ገልባጭም አይምርም። ሰው ግን “እንዴት ነህ?” ካለው ያ ሁሉ ምላስ ይታሰራል። “እግዚአብሔር ይመስገን!” ይላል፣ አለቀ። ጎጃም ያሳደጉት እናቱ ያስለመዱት ነው፤ ሲጠይቁህ አመስግን፣ ማማረር ፈጣሪን ያስቀይማል። ቤቱ ቢቃጠልም ያመሰግናል፣ ምን ያድርግ!

ዓምና ድባቴ ያዘው። ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ እንባው ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። ሚስቱ ወለተጻድቅ መጀመሪያ ጸበል ወሰደችው፤ ቀጥላ ቀራንዮ አካባቢ ካለ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አደረሰችው። ዮኤል የሚባል ወጣት ሐኪም መድኃኒት ጀመረለት። በየቀጠሮው ወለተጻድቅ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ሐኪሙ “እንዴት ከረሙ?” ይላል፣ እሱም ያመሰግናል። ሐኪሙ ደስ ብሎት “መሻሻል አለ” እያለ በራሱ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጣል። ከቀጠሮው በፊት ደግሞ በሽተኛው ራሱ የሚሞላው መጠይቅ በስልኩ ይላክለታል። ስልክ ፊት የለው፣ ይሉኝታ የለው። ሀብተሥላሴ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሆኖ እውነቱን ይሞላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይኼ ሰውዬ ግን መች ደበቀ? ተናግሮ ነው ሰሚ ያጣው።

ባለፈው ሰኞ ዮኤል ኮምፒውተሩን እያየ ፈገግ አለ።

“ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ በስልክ የሞሉት ከእኔ ግምገማ ጋር አልተገናኘም። ጥያቄው ሳይገባዎት አልቀረም። በእኔ ግምት ድነዋል፤ መድኃኒቱን ልናቆም ነው። እርስዎ ግን እዚህ ጋ…” ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ “‘ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ፣ በየቀኑ።’ ይኼ በስሕተት የተነካ ነው፣ አይደል?”

ወይ ጉድ! በሚስቱ ፊት! ወለተጻድቅ ነጠላዋን ጨብጣ ደርቃ ቀረች። የሀብተሥላሴ ፊት በርበሬ መሰለ።

“አንተ!” አለ፣ ያን ሁሉ “ዶክተር፣ እርስዎ” ጥሎ። “ማን አንብብ አለህ? የላኩት ለአንተ ነው እንጂ ለእሷ ነው?”

“ስሕተት ከሆነ እንድናስተካክል ብዬ…”

“የተሳሳትከው አንተ! እግዚአብሔር ይመስገን ስል ፈጣሪን አመሰገንኩ እንጂ ድኛለሁ አልኩህ? ለቅሶ ቤትስ ቢሆን እናመሰግን የለ እንዴ! አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?”

ዮኤል አንገቱን ደፋ። ወለተጻድቅ ግን ተነሣች።

“እሱን ተወው፣ ወደ እኔ ዙር” አለች። “አጠገብህ ተኝቼ እያደርኩ ለስልክ ትናገራለህ? ለብረት?”

“እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።”

“ልደንግጣ! ሬሳህን ሲያመጡልኝ አልደነግጥም ነበር?”

ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ጉልበቱን ያዘች። ለሐኪሙ ፊቷን ሳታዞር፣ “መድኃኒቱ አይቆምም፤ አንተም ዝም ብለህ ስማ” አለችው።

ሀብተሥላሴ እጇን በእጁ ሸፈነ።

“ጠዋት መኪናውን ሳስነሣ” አለ፣ “ዛሬ ወደ ቤት ባልመለስ እላለሁ፣ ወለቴ። ትናንትም ብያለሁ። ዛሬም አንቺን አሳፍሬ ስመጣ ብያለሁ።”