ወደ ኪኔሬት ስንሄድ ያለቀስነው ለቅሶ

ሰው የሠርጉን ቀን ይናፍቃል፣ ያደገበትን መንደር ይናፍቃል። እኔ ለቅሶ ነው የምናፍቀው። ሳቁብኝ፣ ግዴለም። ክርያት ያም፣ አክስቴ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሳይሞት በማለዳ የተለቀሰ አንድ ለቅሶ አለ። ያን ጠዋት የሚመልስልኝ ቢገኝ ዛሬም ተነሥቼ እንደ አዲስ አለቅስ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በልጆቹ ሆፌሽ ነው። ሆፌሽ የሐምሌና የነሐሴው የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ ለልጆች ዕረፍት፣ ለወላጅ ራስ ምታት። ሴቷ ልጄ ከክፍሏ ማን ማን አውሮፕላን ተሳፍሮ ውጭ አገር እንደሄደ ጠዋት ማታ ትቆጥርልኛለች። «እማ፣ እኛስ ቲዩል የት ነው የምንሄደው?» ትለኛለች። ቲዩል፣ ሽርሽር ማለቷ ነው። እኔ ሐይፋ ውስጥ በሰው ቤት አረጋውያን እጦራለሁ፣ ባለቤቴ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ እኛ ውጭ አገር የምንሄደው በቴሌቪዥን ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ ትንሽ ፈቃድ አገኘና ከሥራ ጓደኛው ሰባት ሰው የምትይዝ መኪና ተዋሰ። «ኪኔሬት ሐይቅ እንሄዳለን፣ ቤሰደር? እሺ?» አለ።

«ቅርብ እኮ ነው!» አለች ልጄ አኩርፋ። እውነቷን ነው። እኛ ካለንበት ከቲራት ካርሜል ተነሥቶ ቁርስ ሳይፈጭ የሚደረስበት ቦታ ነው። ወንድ ልጄ ግን አምስት ዓመቱ ነው፤ ለሱ ከሱቁ ማዶ ያለው ሁሉ ሩቅ አገር ነው። የዳክዬ ቅርጽ ያለውን የመዋኛ ጎማውን ከዋዜማው ጀምሮ ወገቡ ላይ አጥልቆ ይዞት ተኛ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ኪኔሬት ሲባል ፊቷ በራ። የደንቢያ ልጅ ናት፣ ጣናን እያየች ያደገች። የሐይፋን ባሕር ግን አትቆጥረውም፤ «ከብት የማይጠጣው ውኃ ምኑ ውኃ ነው!» ትላለች። እና ወዲያው፣ «እትዬንም ይዘናት እንሂድ» አለች። እትዬ የምትላት ታላቅ እኅቷን ነው፣ ክርያት ያም ብቻቸውን የሚኖሩትን አክስቴን።

«ልደውልላቸዋ» አልኩ።

«እንዳትደውዪ! ከደወልሽማ ደም ግፊቴ፣ ጉልበቴ፣ ስትል ትቀራለች። ዝም ብለን ሄደን ከደጇ አፍሰን እንወስዳታለን።»

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ ካልተናገርኩ ቀሪው አይገባም። አጎቴ የሁለቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ አክስቴ አዝለው ነው ያሳደጉት። እነሱ ወደዚህ ሲመጡ እሱ ወረቀትህ አልተሟላም ተብሎ ጎንደር ከተማ ቀረ። ዛሬ ነገ ሲሉት ጸጉሩ ሸበተ። በየዓርቡ ሰንበት ሳይገባ ይደውላል፤ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጤና አይደለም። «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ነው የሚለው። ያን የምትንቀውን ባሕር እንግዲህ፣ እናቴ ለሱ ስትል መስኮት ከፍታ ታየዋለች፤ ዛሬ ተቆጥቷል፣ ዛሬ ተኝቷል እያለች ትነግረዋለች። «ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነው የምትወስዱኝ፣ ቤታችሁ በኋላ ይደርሳል» ይላታል። እናቴ በዚህ ዓለም የቀራት ምኞት ይኸው ነበር፤ ወንድሟን ባሕሩ ዳር አስቀምጣ ማየት።

በዚያ ሰሞን ግን ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ ተቋርጧል አሉን። አንዱ ዓርብ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። እናቴ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰንበት እስኪገባ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ሐሳቧን ልካፈላት ብዬ አፌን ስከፍት፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» ትለኛለች።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ማለዳ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ የእኛ ሰው በማለዳ ያልጠራው ዘመድ ተደርድሮ ደጁ ላይ ካየ፣ ገና አፍ ሳይከፈት ለቅሶውን ይጀምራል። ይህን እናውቃለን። ግን ሽርሽር ስንሄድ ማን ያስበዋል?

ሙቀቱ ሳይበረታ እንድረስ ብለን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። እናቴ ልጆቹን እንዳልቀሰቅስ ብላ መብራት ሳታበራ ለበሰች። የካርሜልን ዋሻ አልፈን፣ የባሕረ ሰላጤውን ፋብሪካዎች አልፈን ክርያት ያም ስንደርስ ፀሐይ ብቅ ማለቷ ነበር። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እናቴ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች፤ ከባሕሩ ነፋስ የተነሣ ነጠላዋን ከራሷ እስከ አገጯ ተከናንባለች። ባለቤቴ አንኳኳ።

አክስቴ ከፈቱ። ባለቤቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ። ዓይናቸው እናቴ ላይ ቀረ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ጮኹ።

እናቴ ክው አለች። ለካ እኅቴ ሰምታ ደብቃኝ ኖሯል ብላ አሰበች። «እኔን ያስቀድመኝ! ባሕሩን ሳላሳየው!» ብላ ደረቷን መታች። ሁለቱ ተያይዘው በሩ ላይ ወደቁ። እኔስ? እኔም አለቀስኩ እንጂ፣ ምን ልሁን! እነሱ ሲያለቅሱ እውነት መሰለኝ። ከፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና ሩሲያዊቷ ጎረቤት በሌሊት ልብሷ ውኃ በብርጭቆ ይዛ ወጣች፤ ለማን እንደሚለቀስ ሳታውቅ እሷም ታነባ ጀመር። ባለቤቴ መሃላችን ቆሞ አንዴ ወደ እናቴ አንዴ ወደ አክስቴ ያያል።

«መቼ ነው ያረፈው?» አሉ አክስቴ በለቅሶ መሃል።

«እኔ ምን አውቄ! አንቺው አይደለሽ የምትነግሪኝ!»

«እኔ? መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ!»

«የምን መርዶ?»

ልጄ ከኋላችን እግሯን መሬት ላይ እየመታች፣ «ቲዩል እኮ ነው የምንሄደው! ኪኔሬት!» አለች። አክስቴ ዝቅ ብለው አዩ። ትንሹ ልጄ ዳክዬውን ወገቡ ላይ እንዳጠለቀ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ዳክዬ ታጥቆ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ የት አገር ነው ያለው?» አሉ አክስቴ፣ እንባቸው ሳይደርቅ። ቀጥሎ ንዴታቸው መጣ። «አንድ ስልክ መደወል ያቅታችኋል? ልቤን ልታቆሟት ነበር እኮ! እና ይኼስ ምንድን ነው?» ብለው የእናቴን ነጠላ ጎተቱ። «ማን ሞቶብሽ ነው ያዘቀዘቅሽው?»

እናቴ ነጠላዋን አየች። በጨለማ ስትለብስ ገልብጣዋለች፤ ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አንገቷን ከቦ ተቀምጧል። «ኧረ ጉዴ!» አለች። መጀመሪያ የሳቁት አክስቴ ናቸው። ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሁለቱ እኅትማማቾች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እየተደጋገፉ ሳቁ፣ ሩሲያዊቷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እንግዲህ ይነሡ፣ ሐይቁ እየጠበቀዎት ነው» አላቸው ባለቤቴ።

«ይህን ሁሉ አልቅሼማ ቤት አልውልም» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ።

መኪናዋ ውስጥ አንድ ወንበር ተረፈ። ትንሹ ልጄ ለሽርሽሩ የያዝነውን ሀብሃብ እዚያ አስቀምጦ በወንበሩ ቀበቶ አሰረው። አክስቴ አይተው፣ «ወንድማችን ሲመጣ ቦታው ይኼ ነው» አሉ። እናቴ፣ «እግሩ ረጅም ነው፣ እዚህ አይመቸውም፤ ከፊት ይቀመጣል፣ ይቺ ትነሣለታለች» ብላ እኔን ጠቆመች። ገና ላልመጣ ሰው እስከ ኪኔሬት ድረስ በወንበር ተከራከሩ። እኔ ከፊት ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

ሐይቁ ዳር ልጆቹ ውኃው ውስጥ ገቡ፣ ባለቤቴ ሥጋውን ከሰል ላይ ጣለ። እኅትማማቾቹ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። እናቴ በእፍኟ ጨልፋ ቀመሰችና፣ «ይኼስ ውኃ ነው» አለች። ቆይተው ያወሩት ጀመር፣ ያን ሁሉ ሳምንት አንዷ ለሌላዋ ስትል የዋጠችውን።

«ዓርብ ዓርብ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምውል» አለች እናቴ።

«እኔማ በር ሲንኳኳ መክፈት ትቻለሁ። ዛሬ ምን እንዳስከፈተኝ» አሉ አክስቴ። ውኃውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ግዴለም፣ በቁሙ አልቅሰንለታል። ዕድሜ ጨመርንለት» አሉ። እናቴ አሜን አለች። ስንመለስ የአክስቴ ራስ እናቴ ትከሻ ላይ ነበር፣ ልጆቹ እግራቸው ሥር በአሸዋ እንደተለወሱ ተኝተዋል። ልጄ ከመተኛቷ በፊት፣ «ቅርብ ቢሆንም ጥሩ ነበር» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው! እናቴ ሁሉንም ነገረችው፣ ነጠላውን፣ ዳክዬውን፣ ሩሲያዊቷን ሳታስቀር። ሳቁ ከጎንደር እኔ እስካለሁበት ወጥ ቤት ተሰማ። «ታዲያ ማናችሁ በለጣችሁ? በደንብ አለቀሳችሁልኝ?» ይላታል። «እንባውን እንዳትጨርሱት፣ ትንሽ አስተርፉ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባሕሩስ እንዴት ዋለ?» አላት። እናቴ መስኮቱን ለመክፈት ስትነሣ እንደ ልጅ ነበር የተነሣችው።

በዓላቱ አልፈው ብርዱ ሲጀምር ጎንደር ያለ ዘመድ ለባለቤቴ ደወለ። አጎቴ ትንሽ ታሞ ሰንብቶ አርፏል። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ ቤት፣ በአንድ ጊዜ ይስሙ አሉ። እናታችሁ እንዳትጠረጥር ልጆቹን ያዙ፣ ሽርሽር ነው በሏት አሉን። ባለቤቴ ያችኑ መኪና ተዋሰ። ትንሹ ልጄ ማንም ሳያዘው ዳክዬውን ነፍቶ አጠለቀ። በብርድ! ማን ልብ ኖሮት ይከልክለው?

እናቴ እንዴት ደስ እንዳላት! በዋዜማው ዳቦ ጋገረች። ጠዋት መብራቱን አብርታ መስታወት ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ዛሬስ አላዘቀዘቅሁም፣ እይልኝ» አለችኝ። አየሁላት። ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል። መኪና ውስጥ የዳቦውን ዘንቢል ባዶው ወንበር ላይ ላስቀምጥ ስል ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ «የወንድሜ ቦታ ነው፣ ዕቃ አይጫንበት» አለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። እስከ ክርያት ያም ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም። የሽማግሌዎቹ መኪና ከኋላችን ይመጣል።

ባለቤቴ አንኳኳ። አክስቴ ከፍተው አዩን፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ እናቴ ነጠላ ሄደ። ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ከዚያ ትንሹን ልጄን ከነዳክዬው አዩትና ሳቃቸው ፈነዳ።

«ዛሬስ አላለቅስላችሁም!» አሉ። «አውቄያችኋለሁ፣ ኪኔሬት ናችሁ! ቆዩ ጫማዬን ላጥልቅ።»

እናቴም አብራ ሳቀች። ከታች የሽማግሌዎቹ እርምጃ ደረጃው ላይ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ ከባድ። እናቴ ዘወር ብላ አየቻቸው። ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ፊቴን ከሷ መደበቅ አልቻልኩም። አክስቴ ከውስጥ ጫማቸውን እየፈለጉ ገና ይስቃሉ። እናቴ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለበሰችው።